በባዶ መስኮት ያለፈው ሰይፍ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ኦክሬ።

አንድ ሰው በዕድሜ እበልጥሃለሁ ብሎ ዋሽቶ የማኅበራችንን ሰይፍ ከእጄ ወስዶ ጠፋ። ሰይፉ የግሌ አልነበረም፤ አደራ ነበር። ባለፈው በስልክ «ምን ሆነሃል?» ሲሉኝ ዝም ያልኩትም፣ ከዚያ ወዲህ ስልክዎን ያላነሣሁትም በዚህ ምክንያት ነው። በደሉን ከሰላምታው ያስቀደምኩት «ምን ደብቆኝ ይሆን?» እያሉ እስከ ደብዳቤው መጨረሻ እንዳይጨነቁ ነው።

እንግዲህ ሰላምታዬን ይቀበሉ። እንደምን ከረሙ፣ እትዬ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያምዎታል ወይስ ተሻለዎ? የጀርመኑ የቩፐርታል ብርድ ከዝናብ ጋር ሲመጣ አጥንት ውስጥ ይገባል ብለውኝ ነበር፤ የላክሁልዎትን የሱፍ ካልሲ ያደርጉታል ወይስ ለበዓል ብለው አስቀመጡት? የሃርትሙት ልብ እንዴት ነው? ጨው ቀንስ ሲባል እንደማይሰማ አውቃለሁ። ዕድሜ ልኳን ነርስ የነበረች ሴት አግብቶ ምክር የማይሰማ ሰው ይገርመኛል። እኔ ደህና ነኝ። ቀኝ ጆሮዬን የሞተር ጩኸት በልቶታል፤ ግራው ይሰማል፤ ይበቃኛል። የዛጎል ወቅት ገብቷል፤ የወደቡ ዳር በቅርፊት ክምር ነጭ ሆኗል። ዘንድሮ የክረምቱን የጎመን ኪምቺ የጎረቤት ሴቶች ሠርተው አመጡልኝ። ጨው በዝቶበታል። ነገርኳቸው።

እርስዎ ያንን የኮምፒውተር ጨዋታ የልጆች ነገር ይሉታል። አይደለም። እኔ የጀልባ ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ ተማርኩ። ጨዋታውንም የተማርኩት እንደዚያው ነው። ከወደቡ ጀርባ ባለው ጌም ቤት፣ ጥግ ያለችው ወንበር የኔ ናት፤ ከምሳ በኋላ እዚያ እቀመጣለሁ። ወጣቶቹ ኑድላቸውን እየበሉ ይጫወታሉ፤ እኔን «አባባ ሞተር» ይሉኛል፤ በጨዋታው ውስጥ ያለው ሰውዬዬም ስሙ ሞተር ነው። በዚያ ውስጥ ግንብ አለ፣ ዋሻ አለ፣ ገበያ አለ። ከመላው አገር የተሰበሰበ ሕዝብ እዚያ ይዋጋል፣ ይገበያያል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ባለቤቴ ኩምሱክ በሕይወት ሳለች አጠገቤ ተቀምጣ መንደሪን እየላጠች ታይ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ከአሣ ገበያው ሰዎች በምን ይለያሉ?» ትለኝ ነበር። በምንም አይለዩም።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የመለዋወጫውን መስኮት ነው። ሁለት ሰዎች ዕቃ ሊለዋወጡ ሲስማሙ ፊታቸው ላይ መስኮት ይከፈታል፤ በግራ የኔ ወገን፣ በቀኝ የሌላው። እኔ የምሰጠውን አስቀምጣለሁ፣ እሱም የሚሰጠውን ያስቀምጣል፤ ሁለታችንም ሁሉንም እናያለን። ከዚያ እያንዳንዳችን «እሺ» የሚለውን ስንጫን በየወገናችን መብራት ይበራል። ሁለቱም መብራት ካልበራ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። አንደኛው አንዲት ፍሬ ቢያነሣ ወይም ቢጨምር ሁለቱም መብራት ይጠፋና ነገሩ ከሀ ይጀምራል። ሁለቱ መብራት በርተው ዕቃው ከተሻገረ በኋላ ግን አለቀ። ልቅሶ የለም፣ ሽምግልና የለም። እኔ በዚህ ዓለም ብዙ ውል አይቻለሁ፤ ከዚህ የጠራ ውል አላየሁም።

ይህ ሁሉ እያለም ሰው ይታለላል፤ መስኮቱ ዓይን እንጂ ልብ አይሰጥምና። በጨዋታው ውስጥ አብረን የምንዋጋበት ማኅበር አለን፤ አለቃችን ኦም ጁንግሚ ትባላለች። እዚሁ ወደባችን ላይ የባሕር ዛጎል እየከፈተች ሥጋውን ስትፈለፍል የምትውል ሴት ናት፤ አርባ አልሞላትም፤ በጨዋታው ውስጥ ስሟ «የዛጎል ቢላ» ነው። አዲስ ሰው ሲገባ እሷ ራሷ ታስተምረዋለች። መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ዋጋው የማይገናኝ ዕቃ ስላለ ስሙንና ቁጥሩን አንብብ ትላለች። መስኮቱ ተዘግቶ እንደገና ከተከፈተ፣ ሰውየውን ከዚህ በፊት አይተኸው የማታውቅ ያህል እንደ አዲስ አንብብ ትላለች፤ ሌባ የመጀመሪያውን ጊዜ እውነተኛውን ዕቃ አሳይቶ «ይቅርታ፣ እጄ ስቶ ዘጋሁት» ብሎ ሁለተኛውን ጊዜ ግልባጩን ያስቀምጣልና። የሰውየውን ስም በፊደል በፊደል እይ፤ አንዲት ፊደል የለወጠ ሰው የጓደኛህን ስም ለብሶ ይመጣል ትላለች። ውሰት ከሆነ በሌላው ወገን እኩያው መያዣ ይቀመጥ፤ ባዶ መስኮት ላይ እሺ እንዳትል ትላለች። ከጨዋታው ውጭ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገበያይ ደግሞ ከማኅበሩ ይባረራል፤ እዚያ መስኮትም መብራትም የለምና። ስለዚህ፣ እትዬ፣ ገንዘብ ልላክልህ እንዳይሉኝ።

እኔ እሷን ስቆጣት ኖርኩ። «አንቺ ልጅ፣ የሰው ቃል ዋጋ የለውም ወይ? አጠገብሽ ያለውን ሰው ሁሉ በሌባ ዓይን ታዪዋለሽ» እላት ነበር። እሷም «አባባ፣ በሌባ ዓይን ስለማየው ነው ሌባ የማይሆንብኝ» ትለኝ ነበር። ይህን መልስ ያኔ እንደ ስድብ ነበር የቆጠርኩት።

ሰይፉ «ነጭ ማዕበል» ይባላል። እንዲህ ያለ ሰይፍ በተቀጠቀጠ ቁጥር ይበረታል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ምት ተሰባብሮ አቧራ ሊሆን ይችላል። የኛ ዘጠኝ ምት ችሎ ተርፏል። ለእያንዳንዱ ምት የሚያስፈልገውን ብርቅ የአስማት ወረቀት ማኅበርተኛው ሁሉ ከዋሻ ከዋሻ ለቃቅሞ አዋጥቷል። ታክሲ ነጂ አለ፣ የሆስፒታል አብሳይ አለች፣ ተማሪ አለ፤ ሁሉም የየድርሻውን አምጥቷል። እጀታው ላይ የማኅበራችን ማኅተም አለ፤ «ደቡብ ወደብ» ይላል። ግንብ የምንከብ ቀን ከፊት የሚቆመው ሰው ይይዘዋል፤ በሌላው ቀን ጠባቂው እኔ ነበርኩ። የመረጡኝ እነሱ ናቸው። «አባባ ሞተር ለራሱ እናትም አያውሰውም» ብለው ነው የመረጡኝ።

እዚህ ላይ የአባታችንን የገብስ ማሳ ያስታውሱ። አባታችን ታላቅ ነው ብሎ ለአጎቱ ልጅ በቃል አውሶት ሳይመለስለት የሞተው ማሳ። እናታችን «ሂድና ጠይቀው፤ ወረቀት አስፈርመው» ስትለው «ታላቄን ወረቀት ልጠይቅ?» ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ እኔ ከምድጃው አጠገብ ነበርኩ። ማሳው ቢመለስ ኖሮ እርስዎ በሃያ አንድ ዓመትዎ የሰው አገር በሽተኛ ሊያጥቡ ባልሄዱ ነበር። ይህን በደብዳቤ ተጻጽፈነው አናውቅም። ዛሬ የጻፍኩት፣ የኔ ስሕተት ከየት እንደመጣ እንዲያውቁት ነው። እኔ ያንን ቀን አይቼ፣ ያንን ቀን ተምሬ፣ ያው ራሱን አደረግሁ።

ሰውየው በጨዋታው ውስጥ «የድሮ መርከበኛ» ይባላል። በበጋው መጣ። ወጣቶቹ አፋቸው አጥር የለውም፤ ለሰላምታ እንኳ ሁለት ፊደል ነው የሚጽፉት። እሱ ግን እንደ ሰው ይጽፋል፤ ስለ አውሎ ነፋስ፣ ስለ ቱና መርከብ፣ ስለ ወገብ ሕመም ያወራል። እንደ ወጉ በመጀመሪያው ቀን የተወለድንበትን ዓመት በእንስሳው ስም ተጠያየቅን። «የፈረስ ዓመት ነኝ» አልኩት። «እንግዲያው ታናሼ ነህ፤ እኔ የዘንዶ ዓመት ነኝ» አለኝ። በሁለት ዓመት በለጠኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ጋሼ አልኩት፤ እሱም አንተ አለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ደስ አለኝ። ኩምሱክ ከሞተች ወዲህ ከእርስዎ በቀር አንተ የሚለኝ ሰው አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ነጭ ማዕበልን ለአሥረኛ ጊዜ የሚቀጠቅጥ፣ ፈጽሞ የማይሰብር ወረቀት አለኝ አለ። «ታዲያ ወረቀቱ ከእጄ አይወጣም፤ ለባለቤቱ ብቻ የሚሠራ ዓይነት ነው። ሰይፉን ወዲህ በለው፤ እዚሁ ፊትህ ቀጥቅጬ እመልስልሃለሁ» አለኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት መኖሩን አውቃለሁ፤ አልዋሸም። መስኮቱ ተከፈተ። በኔ ወገን ሰይፉን አስቀመጥኩ። የሱ ወገን ባዶ ነበር።

መያዣ መጠየቅ ነበረብኝ። ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ነበር። «ጋሼ፣ መያዣ ያስቀምጡ» ብዬ ልጽፍ ስል የማደርገው ነገር ሽማግሌን ደጃፍ ላይ አቁሞ «ጫማህን በመያዣ ተውልኝ» እንደማለት ሆኖ ታየኝ። እሱም ማቅማማቴን አየና «ምነው ማንግዩ፣ ታላቅህን ልትፈትሽ ነው?» አለኝ። በነገርኩት በእውነተኛ ስሜ ነበር የጠራኝ። እሺ የሚለውን ተጫንኩ። ሁለቱ መብራት በራ። ሰይፉ ተሻገረ። ሰውየው ወዲያው ከፊቴ ጠፋ፤ ስሙም ከዚያን ሰዓት ጀምሮ በጨዋታው ውስጥ ታይቶ አያውቅም። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። የጌም ቤቱ ባለቤት «አባባ፣ ሰዓትዎ ሞላ እንዴ? ኑድል ላምጣ?» አለኝ። «አልራበኝም» ብዬ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጧት ወደ ዛጎል መፈልፈያው ሄድኩ፤ አደራ የበላ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚናገረው። ሴቶቹ የላስቲክ ሽርጥ ታጥቀው በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመዋል፤ ቢላዋቸው ያለ ማቋረጥ ይሠራል። ስገባ አንዷ «ጁንግሚ፣ ሽማግሌ ተልኮብሻል» አለች። ሌላዋ «የተላከ አይደለም፤ ሙሽራው ራሱ ነው፤ እግሩን አያችሁት? ጫማውን ወልውሎ ነው የመጣው» አለች። ሳቁብኝ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩ።

ጁንግሚ እጇን ሳታቆም «ምን ሆኑ አባባ?» አለችኝ።

«ነጭ ማዕበልን በባዶ መስኮት አሳለፍኩት» አልኳት።

እጇ ቆመ። ነጭ ማዕበል ምን እንደሆነ የማያውቁት ሁሉ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። መያዣ ለምን እንዳልጠየቅሁ ጠየቀችኝ። ታላቄ ስለሆነ አልኳት። «ዓመቱን በምን አወቁ?» አለች። ነገረኝ አልኳት። «አባባ፣ ሌባ መታወቂያውን አሳይቶ አይሰርቅም» አለችና ዝቅ ብላ ከጠረጴዛው ሥር የጎማ ጓንት አውጥታ ወረወረችልኝ። «ይልበሱት። የተናደደ እጅ ሥራ ይፈልጋል።»

ለበስኩት። ከአጠገቧ ቆሜ እስከ ምሳ ዛጎል ፈለፈልኩ። እትዬ፣ ሥራው ከሞተር ይከብዳል። ቢላዋው የሚገባበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ ከሳቱት ቅርፊቱ ይፈረካከሳል። አንዷ ሴት «አባባ፣ ይክፈቱት እንጂ አይግደሉት፤ እሱ ምን አደረገዎ?» አለችኝ። ያቺ ጁንግሚ ግን ማታ ማታ መቶ ሰው የምታዝዝ፣ ቀን ቀን ዛጎሉን ሳታየው በጣቷ ብቻ የምትከፍት ሴት ናት፤ እስከ ምሳ ድረስ አንዲት የወቀሳ ቃል ከአፏ አልወጣችም። «አልኩዎት ነበር» አላለችም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እል ነበር።

ስጨርስ ከማኅበሩ እንደምወጣ ነገርኳት። ጓንቱን ተቀብላኝ «አደራ የጠፋበት ሰው ሌባ የሚሆነው ሲሮጥ ነው። እየሮጡ ነው እንዴ?» አለችኝ። አልወጣሁም።

ለጨዋታው ባለቤቶች አቤት እንድል አደረገችኝ። እነሱም መለሱ። መልሱ አጭር ነበር፤ «እሺ የሚለውን የተጫኑት እርስዎ ራስዎ ነዎት። በሁለቱም ወገን ፈቃድ የተሻገረ ዕቃ አይመለስም። ስለ ዋሸዎት ሰው እንመረምራለን፤ ሰይፉ ግን አሁን የሌላ ሰው ነው» ይላል። ተማሪው ልጅ ተናደደ። እኔ ግን ቆሜ አነበብኩት፤ ሁለተኛም አነበብኩት፤ ትክክል ነው። ቆርጦኛል፤ ቢሆንም ትክክል ነው። ከተሻገረ በኋላ ለሚያለቅስ ሽማግሌ ሁሉ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ ማንም በዚያ ገበያ የገዛው ነገር የራሱ መሆኑን አያውቅም ነበር። አባታችን እንዲህ ዓይነት ዳኛ ፊት ቢቆም ይሸነፍ ነበር፤ የተሸነፈበትን ምክንያት ግን ያውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰይፉ ታየ። በሰሜኑ ግንብ በር ላይ «የጧት አውቶቡስ» የሚባል ሰው ታጥቆት ቆሞ የታክሲ ነጂያችን አየው፤ እጀታው ላይ ማኅተማችን አለ። ዴጉ ከተማ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ነው፤ ሰይፉን ከማያውቀው ሰው በመስኮት፣ በገበያ ዋጋ ነው የገዛው። ልጆቻችን ወዲያው ተነሡ። በየዋሻው ከበው ደጋግመው ሊገድሉት፣ ከእጁ እስኪወድቅ ድረስ ፋታ ሊነሱት ተስማሙ። ጨዋታው ይህን አይከለክልም። እኔ ከለከልኩ። «ሰውየው በመስኮት ገዝቷል። አንድ ሰው ቢነካው ስሜን ከማኅበሩ ሰርዙት» አልኳቸው። ተማሪው «አባባ፣ ለእርስዎ ብለን እኮ ነው» አለ። «ለኔ ብላችሁ ተቀመጡ» አልኩት። ጁንግሚ ብቻ «ዛሬ ደግሞ ሕጌን ለኔው ሊያስተምሩኝ ነው?» ብላ ጻፈች። ከዚያ ልጆቹን «ሰምታችኋል» አለቻቸው፤ ማንም ንቅንቅ አላለም።

እኔ ራሴ ሄድኩ። የኛ ሰዎች ራቅ ብለው ቆሙ።

«ሰዎችዎ ሊጨርሱኝ ነው የመጡት?» አለኝ አውቶቡሱ።

«ማንም አይነካህም። የያዝከው ሰይፍ በኔ ስሕተት ከማኅበሬ የወጣ ነው። ሰርቀኸው ቢሆን አላናግርህም ነበር። የገዛኸው ስለሆነ ልለውጥህ መጣሁ» አልኩት።

መስኮት ከፈትኩና በኔ ወገን ካባዬን አስቀመጥኩ። ካባው ከበረዶው ዋሻ ያገኘሁት ነው፤ ገበያው ከሰይፉ ጋር እኩል ያየዋል። ሌላ ይህን የሚያህል ነገር የለኝም። ቀለሙን የመረጠችው ኩምሱክ ናት፤ የመንደሪን ቅርፊት ቀለም። አውቶቡሱ ሰይፉን በወገኑ አስቀመጠ። መብራቱን ሊያበራ ሲል ያ ተማሪ ልጅ ከሩቅ «አባባ፣ ካባውን አይደረግም! የእትዬ ኩምሱክ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ፊት ነው የጮኸው። ሰውየው ሰይፉን አነሣ። መስኮቱ ተዘጋ።

አልፈለገም ብዬ ዞር ስል እሱ ራሱ ከፈተው። ሰይፉ በወገኑ አለ። «ካባውን ያንሡና እሺ ይበሉ፤ ይዘውት ይሂዱ» አለኝ። ባዶ መስኮት ላይ እሺ አልልም አልኩት። «ስጦታ ነው አባባ» አለ። «ስጦታ ለምታውቀው ሰው ስጥ፤ እኔና አንተ ገና ዛሬ ነው የተያየነው» አልኩት። ዘጋው፤ ከፈተው። እኔ ካባውን አስቀመጥኩ፤ እሱ ሰይፉን አነሣ፤ መብራቱ በራ፤ ጠፋ። ዙሪያችን ሰው ተሰበሰበ፤ የማናውቃቸው ሁሉ መጥተው ይቆሙ ጀመር። በመጨረሻ አውቶቡሱ «ለመሆኑ ዓመትዎ ምንድን ነው?» አለኝ። የኛ ሰዎች ቀረብ ብለው ቆሙ።

«አልነግርህም። ያንተንም አልጠይቅህም። መስኮቱን አንብብ» አልኩት።

«በኔ መስመር ላይ አንድ ተሳፋሪ አለ፤ በየጧቱ ፌርማታ የሌለበት ቦታ አውርደኝ ብሎ ይሟገተኛል። እርስዎ ነዎት መሰለኝ» አለ። ከዚያ ሰይፉን አስቀመጠ፤ ካባውን ያንሡ ማለቱንም ተወ። አነበብኩ። ነጭ ማዕበል፤ ዘጠኝ ምት፤ ደቡብ ወደብ። እሺ አልኩ። የሱም መብራት በራ። ሰይፉን ይዤ፣ ተራ ሸሚዝ ለብሼ ወደ ሰዎቼ ተመለስኩ። ማንም አልሳቀም።

እዚያው ግንቡ ግቢ ውስጥ ጁንግሚ መስኮት ከፈተችልኝ። ጠባቂነቱን ከእንግዲህ እንደማልይዝ፣ ሰይፉን ለእሷ እንደማስረክብ ነገርኳት። ሰይፉን አስቀመጥኩ። በእሷ ወገን ባዶ ይሆናል ብዬ ሳቅማማ፣ አንዲት ዛጎል አስቀመጠች። በጨዋታው ባሕር ዳር ልጅ የሚለቅማት፣ ማንም የማይገዛት ዛጎል ናት። «መስኮቱ ባዶ እንዳይሆንብዎ» አለች። እኔ መብራቴን አበራሁ። እሷ ግን አላበራችም። ማኅበርተኛው ሁሉ እያየ የሰይፉን ስም አነበበች፣ ምቱን አነበበች፣ ማኅተሙን አነበበች። ከዚያ ደግሞ የኔን ስም በፊደል በፊደል ጻፈችው፤ ሞ፣ ተ፣ ር። እንግዳ ሰው እንደሆንኩ ሁሉ። አንድ ወጣት «እመቤት፣ አባባ እኮ ናቸው» አላት። «አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የማነበው» አለችው። እትዬ፣ በሰባ ዓመቴ እንዲህ ያከበረኝ ሰው የለም። መብራቷ እስኪበራ ድረስ ቆሜ ስጠብቅ ነው ይህ የገባኝ። አባታችን ያንን ወረቀት ታላቁን ቢጠይቀው ኖሮ አያዋርደውም ነበር።

ዛጎሏ አሁንም አለችኝ። አዲስ ገቢዎች ትልቅ ዕቃ ሲለዋወጡ «አባባ ሞተር አጠገባችን ይቁምልን» ይላሉ። እቆማለሁ፤ አልናገርም፤ ሲያነቡ አያለሁ። ጁንግሚ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያለች ታሾፍብኛለች፤ ትክክል ናት፤ ብበረግግም ከቦታዬ አልጠፋም። አውቶቡሱንም አንዳንድ ቀን በሰሜኑ በር ሲያልፍ አየዋለሁ። በዚያ ገበያ ካባ የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው የራሱን ቀለም መቀባት ነው። እሱ ቀለሙን አልለወጠውም።

ለሃርትሙት ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ፤ ጨው ይቀንስ። ለልጅዎ ለዮሃና፣ የላከችው ፎቶግራፍ ደርሶኛል፤ ጸጉሯን ማሳጠሯን አልወደድኩትም፣ ፊቷ ግን የእናታችን ነው። የልጅ ልጅዎ ቲሎ በስልኩ ይጫወታል ብለውኛል፤ ዕቃ ሲለዋወጥ ስሙንና ቁጥሩን እንዲያነብ ይንገሩት፤ ከአያቱ ወንድም ነው ይበሉት። አብራዎት ለሄደችው ለእትዬ ቹንቦክ፣ ለዓይኗ ምሕረት ያውርድላት። ጎረቤትዎ ያሉት አሮጊትም የአትክልት ቦታዎን ስለሚያጠጡልዎት ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ከእንግዲህ ስልክ ሲደውሉ አነሣለሁ። ስለ ጆሮዬ ይጠይቁኝ፤ ስለ ኪምቺው ይጠይቁኝ። ስለዚህ ነገር ግን ጽፌ ጨርሻለሁ። ሌባው ቢገኝም፣ ሳይገኝ ቢቀርም፣ ከዛሬ ወዲያ ከአፌ አይወጣም። እርስዎም አያንሡብኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ፒዮ ማንግዩ
ቶንግዮንግ ወደብ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2023